ከካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል እንዳያመረቅዝ፦ የተረጋገጠውና አከራካሪው

የካንሰር ታካሚ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ቤተሰቡ ሐኪሙን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ዕጢው ተጠርጎ ይወጣል ወይ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ ቁስሉ ግን እምብዛም የሚጠይቅ የለም፤ ቁስል መቼም ይድናል ተብሎ ይታለፋል። የካንሰር ታካሚ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሄርኒያ የተሠራ ሰው ቁስሉ ቢያመረቅዝበት ይሠቃያል፣ ገንዘብ ያወጣል፣ ከሥራው ይቀራል፤ መግሉ ደርቆ ቁስሉ ሲገጥም ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ያበቃል። የካንሰሩን ታካሚ ገና ኬሞ ይጠብቀዋል፣ ጨረር ይጠብቀዋል። ቁስሉ መግል እያዘለ ኬሞ ቢጀመርለት መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳቱን ስለሚያወርድበት በቁስሉ ያለው ባክቴሪያ ወደ ደሙ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው፣ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ኬሞ 4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋው በ14 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መዘግየቱ ብቻውን ገዳይ ነው ለማለት እንዲህ ያለው ትንተና አይበቃም፤ ቀድሞውንም የደከሙት ታካሚዎች ናቸው ዘግይተው የሚጀምሩት። ቢሆንም ለዚህ ታካሚ የተመረቀዘ ቁስል የጊዜ ጉዳይ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ባለፉት ስልሳ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ የተሠሩትን ዋና ዋና ሙከራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ቁስልን የሚጠብቁት ነገሮች አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው፤ የሚፈልጉት በሰዓታቸው መደረግን ነው። ሐኪምም ቤተሰብም በጣም የሚተማመንበት ነገር፣ ማለትም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለቀናት የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያ የችግሩን ስፋት እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ግሎባልሰርግ የተባለው ጥናት በ66 አገሮች የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 12,539 ታካሚዎች ለ30 ቀን ተከታትሏል። በበለጸጉት አገሮች ቁስሉ የተመረቀዘበት 9.4 በመቶ፣ በመካከለኞቹ 14 በመቶ፣ በዝቅተኞቹ 23.2 በመቶ ነበር። ይህ ልዩነት የታካሚዎቹ ሕመምና የቀዶ ሕክምናው ዓይነት በስሌት ከተስተካከለ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው በተመረመረባቸው ታካሚዎች ላይ የታየው ደግሞ የባሰ ነው፤ በዝቅተኞቹ አገሮች ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሚሆኑት ለመከላከያ የተሰጣቸውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ባክቴሪያ ነበረባቸው።

ባክቴሪያው ከየት ይመጣል? ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው የሆስፒታሉን አልጋ፣ አንሶላውን፣ ጠያቂውን ነው። ያልጸዳ መሣሪያና ያልታጠበ እጅም ተጠያቂዎች ናቸው። ትልቁ ምንጭ ግን ራሱ ታካሚው ነው፤ ቆዳው፣ አንጀቱ፣ አፉ። ሁሉም የካንሰር ቀዶ ሕክምና በአንድ ሚዛን የማይታየውም ለዚህ ነው። ጡት ሲወጣ የሚቆረጠው ንጹሕ ቆዳና ሥጋ ነው። አንጀት ሲቆረጥ የሚከፈተው በባክቴሪያ የተሞላ ቱቦ ነው። የምላስ ወይም የጉሮሮ ካንሰር ሲወጣ ምራቅ ቁስሉ ላይ ይፈሳል። በዚህ ላይ የካንሰሩ ሕክምና ራሱ የሚጨምረው አለ። ጨረር ያረፈበት ቆዳ የደም ሥሮቹ ስለሚሳሱ ቶሎ አይገጥምም። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት ላይ በወጣ ሙከራ፣ በእጅና በእግር ጡንቻ ላይ የሚወጣ ካንሰር ያለባቸው 190 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ነበር። ጨረሩን ከቀዶ ሕክምና በፊት ከወሰዱት 35 በመቶው፣ በኋላ ከወሰዱት 17 በመቶው የቁስል ችግር ገጥሟቸዋል። ቤቫሲዙማብ የተባለው የዕጢን የደም ሥር የሚያደርቅ መድኃኒትም እንዲሁ ቁስል እንዳይገጥም ስለሚያደርግ ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም ቢያንስ 28 ቀን ይቋረጣል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ከሆነ ለሰርጂኑ ሳይጠየቅም መናገር አለበት።

ወደ አንቲባዮቲኩ እንግባ፤ ክርክሩ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሰርጂን ጆን በርክ እ.ኤ.አ. በ1961 ጊኒ ፒግ በተባሉት የላብራቶሪ እንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ አንድ ነገር አሳየ፤ አንቲባዮቲኩ የሚጠቅመው ባክቴሪያው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ በደም ውስጥ ከጠበቀው ነው። ጥቂት ሰዓት ከዘገየ ቢሰጥም ባይሰጥም አንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በሶልት ሌክ ሲቲ በ2,847 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በሰው ላይ አየው። ቆዳቸው ከመቆረጡ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት ቁስሉ የተመረቀዘባቸው 0.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በጣም ቀድሞ የተሰጣቸው 3.8 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዘግይቶ የተሰጣቸው 3.3 በመቶ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ካወጣቸው 29 ምክረ ሐሳቦች አንዱ የተመሠረተው በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ከመቆረጡ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ይቁም ይላል። የካንሰር ቀዶ ሕክምና ረጅም ስለሚሆን አንድ ነገር ይጨመርበታል። ሴፋዞሊን የተባለው የተለመደ መድኃኒት ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ መደገም አለበት። በሥራ መሀል የሚረሳው ይህ ነው።

«ይቁም» የሚለው ግን ለመቀበል ያስቸግራል። ከባድ ካንሰር የተሠራለትን ሰው ያለ አንቲባዮቲክ አልጋ ላይ ማየት ሐኪሙንም ያስፈራዋል። ስለዚህ «ለማንኛውም» ተብሎ 5 ቀን፣ 7 ቀን ይታዘዛል። ይህ «ለማንኛውም» በሚገባ ተፈትኗል። የአጥንት ካንሰር ወጥቶላቸው በምትኩ የብረት አጥንት የተተከለላቸው ታካሚዎች ከፍተኛ የኢንፌክሽን አደጋ አለባቸው፤ ብረቱ ካመረቀዘ እግር እስከ መቁረጥ ያደርሳል። አንቲባዮቲክ መራዘም የሚገባው ቦታ ካለ ይህ ነው ይባል ነበር። ፓሪቲ የተባለው ሙከራ በ12 አገሮች 604 እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ ለ1 ቀን፣ ለግማሾቹ ለ5 ቀን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት፦ በ5 ቀኑ ወገን 15 በመቶ፣ በ1 ቀኑ ወገን 16.7 በመቶ ተመረቀዘ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት የለም። ልዩነቱ የታየው በጉዳቱ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያስከትለው ችግር፣ ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽንን ጨምሮ፣ በ5 ቀኑ ወገን በዛ። እዚህ ያልጠቀመ በሌላ ቦታ ይጠቅማል ብሎ መከራከር ከእንግዲህ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

የመድኃኒቱ ምርጫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቆሽት ራስ ላይ ያለ ካንሰር ሲወጣ የሐሞት ቱቦ ይቆረጣል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ደግሞ ቢጫነታቸውን ለማስተንፈስ ቀደም ብሎ ቱቦ ስለሚገባላቸው ሐሞታቸው በባክቴሪያ የተበከለ ነው። በአሜሪካና በካናዳ 26 ሆስፒታሎች 778 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ የተለመደውን ሴፎክሲቲን ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም ከተባለው ሰፋ ያለ መድኃኒት ጋር አነጻጸረ። በ30 ቀን ውስጥ ኢንፌክሽን የታየባቸው በአንደኛው 32.8፣ በሁለተኛው 19.8 በመቶ ስለሆኑ ሙከራው ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ሰፊ መድኃኒት ለሁሉም ይሰጥ ማለት አይደለም፤ በዚያ ቦታ የሚኖረውን ባክቴሪያ የሚመታ መድኃኒት ይመረጥ ማለት ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ሴፍትራያክሶን ለጡቱም ለአንጀቱም ለአንገቱም፣ ያውም ለቀናት፣ የሚታዘዝበት ልማድ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል፤ ምርጫው በቦታው አይለይም፣ ጊዜውም ይረዝማል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ነገ የሚመጣው ታካሚ ነው፤ የተላመደውን ባክቴሪያ ይወርሳል።

ስለ ጡት ካንሰር አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነውና። ንጹሕ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም የሚሉ ነበሩ። የተሰበሰቡት ሙከራዎች ግን ቀድሞ የሚሰጥ አንድ መጠን አደጋውን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት ከብብት ሥር ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ነው። ሴትየዋ ብዙ ጊዜ ቱቦውን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እንዴት እንደሚፈስ፣ እጅ መቼ እንደሚታጠብ፣ የፈሳሹ ቀለም ሲለወጥ ማን ጋ እንደሚደወል ያሳያት ሰው ከሌለ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የተለፋው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ይበላሻል። ቱቦው እስኪወጣ ተብሎ አንቲባዮቲክ መቀጠልን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም።

ቆዳን ስለማጽዳት የሚነገረው በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ተገለባብጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ849 ታካሚዎች ላይ የተሠራ የአሜሪካ ሙከራ ክሎርሄክሲዲን በአልኮል ከተራው አዮዲን በልጦ አገኘው፤ 9.5 ለ16.1 በመቶ። አዮዲን ከዚያ ወዲህ ኋላ ቀር ተባለ። ቀጥሎ ፋልከን የተባለው ሙከራ በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ 54 ሆስፒታሎች በ5,788 ታካሚዎች ላይ ሁለቱን አወዳደረ፤ ባክቴሪያ ገዳይ ቅባት ያለው ውድ ስፌት ክርንም ከተራው ክር ጋር እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት በሁለቱም ልዩነት አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የስዊስ ተመራማሪዎች አዮዲን በአልኮል ከተቀመመ ከክሎርሄክሲዲኑ እንደማያንስ አሳዩ። እኔ ከዚህ የምረዳው ዋናው ነገር አልኮሉና አቀባቡ መሆኑን ነው። የሆስፒታል ግዢ ክፍል ውድ ጠርሙስ ከማሳደዱ በፊት፣ ያለው ፈሳሽ በበቂ መጠን ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቅ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። አልኮል ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ቢላ ከተነሳ እሳት ይነሳል፤ ይህም ሌላው የመጠበቂያ ምክንያት ነው።

ፋልከንን የሠሩት ወገኖች ቀጥለው ያደረጉት ሙከራ ግን ከሁሉም በላይ ይማርከኛል። ቺታ ይባላል፤ በእነዚያው 7 አገሮች 81 ሆስፒታሎች፣ 13,301 ታካሚዎች። የፈተኑት አንድ ተራ ነገር ነው፦ ሆድ ሊዘጋ ሲል ሁሉም ጓንቱን ቢቀይር፣ ቆዳ መዝጊያውም አዲስ ንጹሕ መሣሪያ ቢሆንስ? ቀድሞ በሆስፒታሎቹ ይህን በመደበኛነት የሚያደርግ አልነበረም ማለት ይቻላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ላይ ወጣ፤ 18.9 በመቶ የነበረው ወደ 16 ወረደ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ከ1,000 ታካሚዎች 29ኙ ቁስላቸው አልተመረቀዘም ማለት ነው፤ ለዚያውም በጥንድ ጓንትና በጥቂት መቀስ። አንጀት የነካው ጓንት ቆዳ አይንካ የሚለውን ማንም እናት ወጥ ቤቷ ውስጥ ታውቀዋለች። ሳይንሱ በ13 ሺህ ሰው ላይ ማረጋገጡ ግን የበጀት ክርክርን ይዘጋል።

ሙቀትም እንደዚሁ። ሰመመን የተሰጠው ሰው አካሉ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሆዱ ተከፍቷል። ሲበርደው የቆዳው የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ኦክስጅን ወደ ቁስሉ አይደርስም፣ ነጭ የደም ሕዋሳቱም ይደነዝዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የ200 ታካሚዎች ሙከራ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ወደ 34.7 ዲግሪ ከወረዱት 19 በመቶው፣ 36.6 ላይ ከተጠበቁት 6 በመቶው እንደተመረቀዘባቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣና ከ5,000 በላይ ታካሚዎች የነበሩበት ሙከራ ግን 35.5ን ከ37 ሲያወዳድር ልዩነት አጣ። ሁለቱ አይጋጩም። ታካሚውን ማንደድ አያስፈልግም፤ እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ ግን ግዴታ ነው። ውድ የሙቅ አየር መሣሪያ በሌለበት ብርድ ልብስ፣ የሞቀ ጉልኮስና በአግባቡ የሚነበብ ቴርሞሜትር ብዙ ይሠራሉ።

በተቃራኒው፣ በኦክስጅን ጉዳይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 በመቶ ኦክስጅን ይሰጥ ብሎ መክሯል። በዴንማርክ በ1,400 ታካሚዎች ላይ የተደረገው ፕሮክሲ ሙከራ ግን ጥቅም አላገኘም፤ 19.1 ለ20.1 በመቶ ነበር። ታካሚዎቹ በኋላ ክትትል ሲደረግላቸው ካንሰር የነበረባቸውና 80 በመቶ ኦክስጅን የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ሞተው ተገኙ። ምክንያቱ አልተረጋገጠም። እስኪረጋገጥ ድረስ ለካንሰር ታካሚ በዚህ ምክር ላይ ባልቸኩል እመርጣለሁ።

አንጀትን አስቀድሞ ማጠብም እንዲሁ ሲያወዛግብ ኖሯል። በሚያስቀምጥ መድኃኒት ብቻ ማጠብ ኢንፌክሽንን አይቀንስም፤ ይህ አልቋል። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሲታከልበት ይጠቅማል የሚል ብዙ መረጃ አለ፤ የፊንላንድ ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በ396 ታካሚዎች ላይ ጥቅሙን አላየም። አሁን ብዙዎቹ መመሪያዎች ሁለቱ አብረው ከሆኑ ይሰጡ ይላሉ። ቁስሉን በአየር የሚመጥጠው ውድ ፋሻ ደግሞ ከሻጮቹ ማስታወቂያ በታች ነው የዋለው፤ ለተመረጡ ከባድ ቁስሎች እንጂ ለሁሉም አይሆንም።

ይህ ሁሉ በእኛ አገር ይሠራል ወይ? ይሠራል፤ ተፈትኗል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት ብሎ የሰየመው ፕሮግራም የተሞከረው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ነው፤ ጅማ ከቀዳሚዎቹ ናት። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም ማለት ይቻላል። የታየው እጅና ቆዳ በአግባቡ መጽዳታቸው፣ አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ መሰጠቱ፣ መሣሪያው በእርግጥ በእንፋሎት መቀቀሉ፣ ጋውኑና የመሸፈኛው ጨርቅ አለመቀደዱ፣ ጎዙ መቆጠሩና የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝሩ መነበቡ ነው። እነዚህ ሲስተካከሉ ኢንፌክሽን በሲሶ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ለዚህ ጉዳይ በዓለም ደረጃ ሊጠቀስ የሚችል የአገር ውስጥ ምሳሌ ይኑረን እንጂ በየክልሉ የካንሰር ቀዶ ሕክምና በሚሠሩ ሆስፒታሎች ሁሉ ያለ ልማድ ሆኗል ማለት አልችልም።

አንዳንዱ ነገር ግን ከኦፕራሲዮን ክፍል ውጭ ነው። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ታካሚውን መዋጥ ስለሚከለክለው ሰውነቱ አልቆ ነው የሚደርሰው። የተራበ ሥጋ አይገጥምም። እንዲህ ያለውን ሰው ጥቂት ሳምንት በቱቦም ቢሆን መግቦ ማጠንከር ከማንኛውም መርፌ ይሻላል። ጾምን በተመለከተ ሕመምተኛ ፈቃድ እንዳለው አባቶች ራሳቸው ያስተምራሉ፤ ከንስሐ አባት ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ነው። በጾም ለመቆየት የወሰነ ደግሞ ሽሮና ምስር ያብዛ። የሚያጨስ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ያቁም። ስኳር ያለበት የደም ስኳሩ ከ200 በታች መሆኑን ያረጋግጥ። የቀዶ ሕክምናውን ቦታ ቤት ውስጥ በምላጭ መላጨት ክልክል ነው፤ ምላጭ ለዓይን የማይታይ ቁስል እየተወ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ጸጉሩ መነሳት ካለበት በቶንዶስ፣ ሆስፒታል ውስጥ ይነሳ።

ከወጡ በኋላ ደግሞ፦ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታየው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ ክትትሉ 30 ቀን ነው፤ ብረት ወይም ሌላ ባዕድ አካል ከተተከለ 90 ቀን። ቁስሉ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ሽታ ወይም መግል ካመጣ፣ ትኩሳት ከተሰማ፣ ቅቤም ማርም አይቀባ፣ ጸበልም ያልገጠመ ቁስል ላይ አይፍሰስ፤ በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ መሆን ይችላል። ከፋርማሲ በግምት የተገዛ አንቲባዮቲክም አይጀመር፤ ናሙና ሳይወሰድ የተዋጠ ክኒን ምርመራውን ያደናግራል። አስታማሚዎች ሆይ፣ ሲወጡ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ስልክ ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። የኬሞው ቀጠሮ ሊደርስ ነው ብላችሁም አትጠብቁ፤ ምልክቱን ባያችሁበት ቀን ሂዱ።